ቀጭ የሚለው ስቴካ

ከእኔ ቁመት የማያንስ ዱላ ይዞ አውቶቡስ መሳፈር ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። የአንዱን ጎን ወጋሁ፣ የሌላውን ባርኔጣ ጣልኩ። ረዳቱም «እማማ፣ ለዱላው ለብቻው ትኬት ይቆረጥለት?» ብሎ አላገጠብኝ። ልጄ እንደማታውቀኝ ሆና ራቅ ብላ ተቀምጣለች። ዱላው የሷ ነው፤ የፑል መምቻ፣ ስቴካ የሚሉት። ደህና በነበረበት ጊዜ ከመሃሉ ተፈትቶ፣ ሁለት ሆኖ ቦርሳ ውስጥ ይገባ ነበር። አባቷ «ጠገንኩት» ካለ ወዲህ ግን አይፈታም።

ባሌ አናጢ ነው። እሱ ያጋጠመው እንጨት ከስንቱ ሰው ትዳር ይጠነክራል። ልጃችን ፑል መጫወት ስትጀምር ግን እሳት ለብሶ እሳት ጎረሰ። «እዚያ ፑል ቤት ደጅ እግሬ አይደርስም!» ብሎ ማለ። እሷም የሱው ልጅ ናትና፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ፑል እቤት ውስጥ ትንፍሽ አላለችም። ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ቦርሳዋን አንግታ ውልቅ ትላለች። ትንሽ ቆይቶ እሱም «ሚስማር ልግዛ» ብሎ ይወጣል።

ሚስማሩ ደግሞ ጉድ ነው! መደርደሪያውን ሞልቶ አልጋ ሥር ገባ። «ቤቱን ልትቸነክረው ነው እንዴ?» እለዋለሁ። «አናጢ ያለ ሚስማር ምን ይሠራል?» ብሎ አፌን ያስይዘኛል። እኔ ቂሏም አናጢ ነውና ብዬ አለፍኩት።

ለዋንጫ በምትጫወትበት ቀን ዋዜማ፣ እሷ ስትተኛ ቀስ ብሎ ስቴካውን ከቦርሳዋ አወጣ። «ላልቶባታል» አለኝ በሹክሹክታ። ቀጭኑ ግማሽ ውስጥ፣ የወፍራሙ ብሎን የሚገባበት ባለ ጥርስ የናስ ቀለበት አለ፤ እሱ ነው የላላው። ናሱን ነቀለ፣ ጉድጓዱን ከአሮጌ ኮላ አጸዳ፣ ለበር የሚጠቀምበትን ብርቱ ማጣበቂያ ቀባና መለሰው። ከዚያም ቀጥ ብሎ እንዲደርቅ ብሎ ሁለቱን ግማሾች ገጥሞ ግድግዳ ላይ አስደገፈው። ያን ጊዜ ፊቱን ላየው ሰው በሕፃንነቷ አልጋዋን የሠራላት ቀን ይመስል ነበር። ደስ አለኝ፤ በቃ ሊታረቁ ነው አልኩ።

ጠዋት ልጄ ልትፈታው ብትታገል ወይ ፍንክች። ኮላው ብሎኑንም ይዞታል። ጠረጴዛ ላይ ስታንከባልለው ጫፉ ይዘላል፤ ተደግፎ ስላደረ መገጣጠሚያው ላይ ጎበጥ ብሎ ደርቋል።

«እንዳልጫወት ብለህ ነው!» አለችው።

«እንዲጠብቅልሽ ብዬ ነው እንጂ።»

«ማን ላላ አለህ?»

ፊቱን አዙሮ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሚስማር ይቆጥር ጀመር። እኔም እሱን እንደዚያ ሆኖ አይቼው ስለማላውቅ ጥፋተኛ መሰለኝ። በሰው ስቴካ ተጫውታ ተሸነፈች። በዚያው ሳምንት ልብሷን ሰብስባ እህቴ ቤት ገባች፤ ፑሉንም እርግፍ አድርጋ ተወች። እሱ ግን ሐሙስ ሐሙስ መውጣቱን አልተወም። ባዶ እጁን እየተመለሰ «ሱቁ ዝግ ነው» ይለኛል።

እንግዲህ ዱላው ቢፈታ ሰዎቹም ይፈቱልኝ ይሆናል ብዬ ነው፣ ልጄን ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ እንዲህ ጎትቼ የማመጣት። የምንሄደው ቶርኖ ቤት ነው። ባለሙያውን ሰዉ ሁሉ «ቀስ በሉ» ይለዋል፤ ከአፉ የሚወጣው ይኸው ቃል ብቻ ስለሆነ።

ቀስ በሉ ስቴካውን በመዳፉ አንከባለለ፣ መገጣጠሚያውን በጥፍሩ ዳሰሰ።

«ማነው የሠራው?»

«አባቷ። አናጢ ነው» አልኩት።

«እጃቸው ንጹሕ ነው። ብሎኑን ሰም ቢቀቡት ኖሮ ግን ኮላው አይዘውም ነበር። ምነው ረሱት?»

ረስቶ መች ሆነ። ዕድሜ ልኩን ሲያጋጥም የኖረው ሁሉ እንዳይላቀቅ ነው፤ ሊፈታ የሚገጠም ነገር በእጁ ገብቶ አያውቅም። ይህን ለልጄ ልነግራት ፈለግኩ፤ ፊቷን ሳየው ዋጥኩት።

ባለሙያው መገጣጠሚያውን በትኩስ አየር እያሞቀ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ያዘና ጠመዘዘ። ተላቀቀ። በዚያው ቅጽበት ግን ቀጭኑ እንጨት ተንጣጣና ከአፉ ጀምሮ ስንዝር ያህል ተሰነጠቀ።

«አይ! ቀስ ብዬም አልሆነም» አለ። «ወፍራሙ ተርፏል። ይኸኛው ግን አለቀለት፤ ሌላ ነው የሚያስፈልገው።»

«ተወው፣ አልጫወትም» አለች ልጄ።

ቀስ በሉ ስንጥቁን እያየ ራሱን ነቀነቀ። «ግን አባትሽ መላላቱን በምን አወቁት? እንዲህ ያለው እኮ ተገጥሞ ከጠበቀ በእጅ አይነቃነቅም።»

«ቀጭ ይል ነበር። ኳስ ስመታ ብቻ።»

«ነገርሻቸዋ።»

«ለማንም አልነገርኩም። ስቴካዋ ተበላሽቷል ብለው ከምጫወትበት ቡድን እንዳያስወጡኝ ብዬ…» ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ እኔ እቤት ኳስ መትቼ አላውቅም።»

«ሚስማር!» ብዬ ጮህኩ። ሰውየው ሚስማር የጠየቅኩት መስሎት መሳቢያ ከፈተ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ አመሻሽ ላይ ሁለታችንም ወደ ፑል ቤቱ ገሠገሥን። ፑል ቤቱ ያለበት መንገድ ጠባብ ነው፤ ከፊት ለፊቱ የብረታ ብረት ሱቅ አለ፣ ተዘግቷል። ባሌ ከሱቁ ክዳን ሥር፣ ሰጋቱራው ከፀጉሩ ሳይራገፍ፣ ወደ ተከፈተው መስኮት አንጋጦ ቆሟል። መሐላውን አላፈረሰም፤ ደጁን ሳይረግጥ ማዶ ነው የቆመው። ልጁ መጫወት መተዋን የነገረው የለም። ከቤት ብትሄድም እዚህ አላጣትም ብሎ ይኸው ሁሉ ሐሙስ ሲመላለስ ኖሯል።

«አባዬ» አለችው ከኋላው።

ክው አለ። «ሚስማር ልገዛ…»

«ሱቁ ተዘግቷል እኮ፣ አባዬ።»

አጠገቡ ሄዳ ቆመችና እሱ ወደሚያይበት አየች። እንባዋ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም።

«ከዚህ ምን ይታይህ ነበር?»

«ጀርባሽ» አለ። «ስትመቺ ደግሞ ይሰማኛል።»

መስኮቱ ውስጥ አንዲት የሌላ ሰው ልጅ ጀርባዋን ሰጥታን ጎንበስ አለችና ኳሱን መታች። ሦስታችንም አዳመጥን። ቀጭ የሚል ነገር አልነበረም።