ያልተነካው ምዕራፍ

እህቴ በስድስት ዓመት ታንሰኛለች፤ በወንበር ግን ትበልጠኛለች። እሷ የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ኮሚቴ በሚሰበሰብበት አዳራሽ፣ ከሰብሳቢው ከጋሼ ዳኛው በስተቀኝ ትቀመጣለች። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ፕሪንተሩ ጆሮዬ ሥር እየጮኸ፣ እነሱ የተናገሩትን እተይባለሁ። እናታችን ስትታመም ከስምንተኛ ክፍል የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሕግ ያጠናችው እሷ ናት። ሕግ ግን እኔም አውቃለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ጽሑፍ ስተይብ የሠራው ጣቴ ብቻ አይደለም።

ኮሚቴው ሲበተን ጋሼ ዳኛው ወደ ፓርላማው የሕግ ዝግጅት ክፍል ይዛወራሉ፤ ከቢሮው አንድ ሰው ይዘው ይሄዳሉ። አንድ ብቻ። ሁሉም የሚያየው እህቴን ነው። ቦታውን እኔ እንደምፈልገው የሚያውቅ የለም፤ መለመን ደግሞ አልወድም።

ነገሩ የተጀመረው ቤት ውስጥ፣ ዕቃ ስናጥብ ነው። ረቂቁን ማማት ያዝኩ።

«ከጠቅላላ ድንጋጌው ቀጥሎ ስለ ፓርላማው፣ ከዚያ ስለ ሚኒስትሮቹ፣ ቀጥሎ ስለ ፍርድ ቤቱ። የሰው መብት ብቅ የሚለው አምስተኛ ምዕራፍ ላይ ነው። ባለቤቱን በር ላይ አቁሞ ሠራተኞቹን የሚያስተዋውቅ ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እህቴ ሳህን እያደረቀች ሳቀች። «እታለም፣ ይቺ ምላስሽ።»

በማግስቱ ከመስታወቱ ማዶ ድምፅዋን ሰማሁት። «የምዕራፎቹ ቅደም ተከተል ራሱ መርህ ነው። መብት ከሥልጣን መቅደም አለበት። ባለቤቱን በር ላይ አቁመን ሠራተኞቹን እናስተዋውቃለን እንዴ?»

ጋሼ ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «የኔ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ተማሪ የለም።»

የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚሉ ሰዎች ያን ቀን እህቴን አላዩዋትም፤ በእኔ ወርቅ ደምቃ ነበር።

የመብት ምዕራፍ ከአምስተኛ ወደ ሁለተኛ ወጣ። ሃያ ስምንት አንቀጽ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው ወደ ታች ይገፋል፤ «በአንቀጽ ይህን ያህል እንደተመለከተው» የሚል ቁጥር ሁሉ አብሮ መቀየር አለበት። እህቴ የሚታረሙትን ቁጥሮች ዘርዝራ አመጣችልኝ።

«እንዳለ አስገቢው፣ አጣርቼዋለሁ» አለች።

ማክሰኞ ጠዋት ሳስገባው ስህተቱ ታየኝ። እህቴ የፈተሸችው ከቦታቸው የተነሱትን ምዕራፎች ብቻ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ ምዕራፍ ግን ባለበት ስለቀረ አልነካችውም። እዚያ፣ አንቀጽ 93 ላይ፣ «በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን አንቀጽ 54፣ 55 እና 57 ሊታገዱ አይችሉም» ይላል። ድሮ እነዚህ ቁጥሮች በሕይወት የመኖር፣ ያለመገረፍና በባርነት ያለመያዝ መብቶች ነበሩ። አሁን ግን 54 የፓርላማው የዕረፍት ወራት፣ 55 የአባላቱ አበል፣ 57 የማኅተም አያያዝ ሆነዋል። እንግዲህ ክፉ ቀን ሲመጣ ሰው መግረፍ ይቻላል፤ የፓርላማ አባል ዕረፍት መንካት ግን ክልክል ነው።

ወደው አይስቁ፣ ብቻዬን ሳቅሁ። ልደውልላት ስልኬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ዝም አይነቅዝም አልኩ። ሐሙስ ኮሚቴው አንቀጽ በአንቀጽ ያጸድቃል። ጋሼ ዳኛው 93 ላይ ሲደርሱ 54ን ገልጠው ያያሉ፤ ወደ ቀኛቸው ይዞራሉ፤ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ይላሉ። ያን ጊዜ የምታሳየውን ፊት ለማየት ሐሙስን እንደ ሠርግ ጠበቅኩት።

ሐሙስ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉም ይሰማኛል።

«አንቀጽ 93» አሉ ጋሼ ዳኛው። ቁጥሮቹን ሳይቀር ጥርት አድርገው አነበቡት። ወደ ኋላ የገለጠ የለም። አንዱ ሰዓቱን አየ። «ተቃውሞ? የለም። የሚደግፍ?» አሥራ አንድ እጅ ወጣ።

ይሄን አላሰብኩትም። እኔ ተንኮሌን የሸረብኩት እነዚህ ሰዎች ያነባሉ ብዬ ነው።

«አንቀጽ 94» አሉ። ረቂቁ ዛሬውኑ ማተሚያ ቤት ይገባል።

በሩን ገፍቼ ገባሁ። «ጋሼ፣ ወደ 93 ይመለሱልኝ።»

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?»

«54ን ይግለጡት።»

ገለጡት። «የፓርላማው የዕረፍት ወራት» ብለው ቀስ ብለው አነበቡ።

«እሱማ በምንም አይታገድም» አሉ ጥግ ላይ የተቀመጡት ጡረተኛ፤ የሳቀላቸው የለም። እህቴ ዝርዝሯን ታገላብጣለች፤ እስከ ጆሮዋ ቀልታለች። ሁለት ቀን የተመኘሁት ፊት ይኸው፤ ጣዕሙ ግን አልመጣልኝም።

«ጎበዝ» አሉኝ ጋሼ ዳኛው። «አሁን ነው ያየሽው?»

አዎ ብል ቦታው የኔ ነበር። ግን አሁን? እኔ? እነሱ ሲያነቡልኝ ሰምቼ ነው ያየሁት ልበል?

«ማክሰኞ ጠዋት ነው» አልኩ። «ገና አንዴ ስተይበው።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ያላየ ሰው ይታረማል። አይቶ የተቀመጠን ሰው ግን ምን አደርገዋለሁ?»

ስብሰባው ሳያልቅ ወደ ፓርላማው ይዘው የሚሄዱት እህቴን እንደሆነ ተናገሩ። ቃለ ጉባኤውን የተየብኩት እኔው ነኝ።

ከምሳ በኋላ ረቂቁ ከላይ እስከ ታች እንደገና ይፈተሽ ተባለ። እሷ ታነባለች፣ እኔ አርማለሁ።

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

«አንቺስ የባለቤቱ ነገር ከማን አፍ እንደወጣ ብትነግሪያቸው ምን ነበረበት?»

ወረቀቱን ጠቀለለች፣ ፈታች። «ያንቺ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከተናገርኩት በኋላ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።»

ይሄን እውነት መጥላት አልቻልኩም። «አንብቢ» አልኳት።

አንቀጽ 104 ላይ ቆመች። «‹ምዕራፍ አምስት በሕዝብ ድምፅ ካልሆነ በቀር አይሻሻልም› ይላል። ምዕራፍ አምስት አሁን ፍርድ ቤት እኮ ነው። መብቱ ሁለት ላይ ነው።»

እኔ ስፈልግ የነበረው የአንቀጽ ቁጥር ብቻ ነበር፤ በምዕራፍ ቁጥር የሚጠራ አንቀጽ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ሦስት ጊዜ አልፌበታለሁ።

«ጥሩ አየሽ» አልኳት። ቃሉ ሊያንቀኝ ምንም አልቀረውም።

ስላቅ መሆን አለመሆኑን ልትለይ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቀጥይ እንጂ» አልኩና አምስትን አጥፍቼ ሁለት ጻፍኩ። «ማተሚያ ቤቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።»