ነፃ አያት

"ነይ ውጪ የኔ ማር! ነይ፣ ጫማሽን ላድርግልሽ!"

ዶክተሩ በሆዳቸው ተኝተው፣ አንድ እግር ትንሽ ጫማ በእጃቸው ይዘው፣ ሶፋው ስር የገባችውን የልጅ ልጃቸውን እየለመኑ ነበር። ሁለት ዓመት ያልሞላት ድንቡሼ የአያቷን መነጽር እያኘከች ታያቸዋለች። እጃቸውን በሰደዱ ቁጥር ወደ ግድግዳው ትሸሻለች፤ እጃቸውን ሲመልሱ ደግሞ ወደ እሳቸው ትጠጋለች። ጨዋታው ተመችቷታል። ለስብሰባ ብለው ያሰሩት ከረባት ጫፉ ጡጦ ውስጥ ገብቶ ወተት ጠጥቷል።

ዶክተሩ የታወቁ የቤተሰብ ኢኮኖሚ ተመራማሪ ናቸው። አትክልት ሻጯ ሳትቀር "ዶክተር" እያለች ነው የምትጠራቸው። ስለ ወላጆች ሥራ፣ ስለ ቤተሰብ ኑሮና ስለ ሕፃናት አያያዝ ሲያጠኑ ፀጉራቸው ሸብቷል። ሕፃን መያዝን በተመለከተ ግን፣ ለፎቶ ካልሆነ በቀር፣ ልምድ የላቸውም። የራሳቸው ልጅ እንኳ እንዴት አድርጋ እንዳደገች ቢጠየቁ "ደህና አድርጋ" ከማለት አያልፉም። ዛሬ ደግሞ የበጀት ኮሚቴው በየሰፈሩ የሕፃናት ማቆያ ይሠራ ወይስ አይሠራ ብሎ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ነው። ጥናቱን የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው።

ነገሩ የተበላሸው ትናንት ማምሻውን ነው። ቀደም ብሎ የተቀዳ ቃለ ምልልሳቸው በሬዲዮ ተላለፈ። ዶክተሩ ሶፋቸው ላይ ተደላድለው የራሳቸውን ድምፅ ያዳምጣሉ። ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ድንቡሼን ያበላሉ።

"ታዲያ ዶክተር፣ ማቆያ ከሌለ ሕፃናቱን ማን ይጠብቃቸዋል?" አለ ጋዜጠኛው።

"ይሄ እምብዛም አያሳስብም" አለ የዶክተሩ ድምፅ። "ሴት አያቶች አሉን። የሴት አያቶች ጉልበት ነፃ ነው።"

የባለቤታቸው ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። ድንቡሼ አፏን ከፍታ ጠበቀች፤ ማንኪያው አልመጣም።

"ነፃ ነው አልክ?" አሉ ባለቤታቸው።

"በኢኮኖሚክስ ቋንቋ እኮ ነው።"

"በኢኮኖሚክስ ቋንቋ" አሉ ባለቤታቸው ቀስ ብለው። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ዶክተሩም ገባት ብለው ደስ አላቸው።

ጠዋት ልጃቸው እንደ ሁልጊዜዋ መጣች። ነርስ ናት፤ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከመንገድ አይመለስም። "እማዬ፣ መጣችልሽ!" ብላ ድንቡሼን ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠችና ተረኛ ነኝ ብላ በሩጫ ወጣች። የእግሯ ኮቴ ሳይርቅ የዶክተሩ ባለቤት ነጠላ ጫማቸውን በመውጫ ጫማ ለውጠው፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ከመኝታ ቤት ብቅ አሉ።

"ወዴት ነው?" አሉ ዶክተሩ።

"እህቴ ጋ።"

"ሕፃኗስ?"

"ሴት አያት ነፃ ናት ብለህ ላገር ለምድሩ ነግረህ የለ? ነፃ ሰው ደግሞ ወዳሻው ይሄዳል" አሉና ድንቡሼን ሁለት ጉንጯን ስመው ውልቅ አሉ።

እንግዲህ ዶክተሩ ሶፋ ስር የተገኙት በዚህ ምክንያት ነው። እንደምንም ልጅቷን አወጧት። መነጽሩም ተገኘ፤ በአንድ ዓይኑ ብቻ ቢሆንም ያሳያል። ድንቡሼን በብብታቸው ሸጉጠው በቀጥታ ከፊት ለፊት ወዳሉት ጎረቤታቸው፣ ወደ ሻምበሉ ባለቤት በር ሄዱ።

"ውይ ዶክተር! ትናንት በሬዲዮ ሰማንዎት እኮ! ንግግርዎ ሲያምር!"

"አመሰግናለሁ እትዬ። እባክዎን፣ ይቺን ልጅ ለጥቂት ሰዓት ብቻ..."

"ምነው ትናንት በነገሩኝ!" አሉ የሻምበሉ ባለቤት፤ ሳቅ እየተናነቃቸው። "ዛሬ እንኳ ነፃ አይደለሁም።"

መንገዱ ጥግ ላይ ያሉት የልብስ ሰፊው እናትም ሬዲዮ አላቸው። የልጃቸውን ሦስት ልጆች ከግቢው አጥር ላይ እያወረዱ ነበር። ዶክተሩን ከእግር እስከ ራሳቸው አይተው "ልይዝልዎትማ አልችልም" አሉ። "ይልቅ በታክሲ ነው የሚሄዱት? እንግዲያው እነዚህንም ሦስቱን ይዘውልኝ ይሂዱ። ነፃ ነው።"

ዶክተሩ እግሬ አውጪኝ አሉ። ታክሲ ውስጥ ሆነው ወደ ልጃቸው ደወሉ።

"አባዬ፣ ቀዶ ጥገና ልንገባ ነው፤ ቶሎ በል!"

"እናትሽ ወጥታለች።"

"እንዴት ትወጣለች? ማንን አስፈቅዳ?" አለች ልጃቸው፣ ስልኩም ተቋረጠ።

ዶክተሩ ስልኩን እያዩ ቀሩ። ማንን አስፈቅዳ። በደንብ ሊያስቡበት ፈልገው ነበር፤ ግን ታክሲው ውስጥ አንድ ሽታ ተነሳ፤ ሹፌሩም መስኮቱን እያወረደ በመስተዋት አያቸው።

የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጥበቃው ተነስቶ ሰላምታ ሰጣቸው፤ ድንቡሼን ሲያይ ግን እጁን ዘረጋ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር። ሕፃን ይዞ መግባት ክልክል ነው።"

"አንተ! ስብሰባው እኮ ስለ ሕፃናት ነው!"

"ስለ እነሱ ነው እንጂ ከእነሱ ጋር አይደለማ።"

ዶክተሩ ተቆጡ፣ ለመኑ፣ የትምህርት ደረጃቸውን ጠቀሱ። ጥበቃው ፍንክች አላለም። ሽታውን ሲሰማ ግን አንጀቱ ራራና የጥበቃ ክፍሉን ጠረጴዛ ጠርጎ ለቀቀላቸው። ወደ ስብሰባው ክፍልም ስልክ ደወለላቸው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ፈጣን ሴት ናት፤ እሳቸው መውጣት ካልቻሉ እኛ እንውረድ ብላ አባላቱን አስከትላ መጣች። ከፍተኛ ባለሥልጣናት በጥበቃ ክፍሉ መስኮት ተደርድረው ሲመለከቱ ዶክተሩ ኮታቸውን አውልቀው፣ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው፣ ከአንድ ዳይፐር ጋር ይታገላሉ። ድንቡሼ እግሮቿን ታንፈራግጣለች።

"ዶክተር፣ አጭር ጥያቄ ነው" አለች ሰብሳቢዋ። "ሪፖርትዎ 'የሴት አያቶች ጉልበት ነፃ በመሆኑ ማቆያ መሥራት አጣዳፊ አይደለም' ይላል። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ላረጋግጥ፤ እንዳለ ይቁም?"

"ዶክተር" አለ ጥበቃው በሹክሹክታ፤ "ኋላውን ወደ ፊት አድርገውታል።"

ዶክተሩ ዳይፐሩን አዩት። ሰብሳቢዋን አዩ። ግንባራቸውን በክንዳቸው ጠረጉ።

"አይቁም" አሉ። "ይሰረዝ።"

"እሺ፣ በምን ይተካ?"

በሌላ ቀን ቢሆን ዶክተሩ ይህን ጥያቄ ሲያብራሩ ምሳ ሰዓት ያልፍ ነበር። አሁን ግን ዳይፐሩን ገለበጡት። "አላውቅም" አሉ በመጨረሻ። "እናቶቹን ጠየቅን፣ አባቶቹን ጠየቅን፣ አሠሪዎችን ጠየቅን። አያቶቹ ጋ ስንደርስ ግን 'እነሱማ እቤት ናቸው' ብለን አለፍን። ይመቻቸዋል አይመቻቸውም፣ ይፈልጋሉ አይፈልጉም፣ የጠየቀ የለም።"

ከኮሚቴው አባላት አንዱ ገለል አለና ስልኩን አውጥቶ "እማማ፣ ደህና ዋልሽ? ልጆቹ አስቸገሩሽ እንዴ?" ሲል ተሰማ።

"እንግዲያው ጠይቀው ይምጡ፤ እስከዚያ ድምፁን አቆይተነዋል" አለች ሰብሳቢዋ። ወደ ደረጃው ዞራ ከሄደች በኋላ ተመልሳ መጣች። "ዶክተር፣ ይስጡኝማ" ብላ ዳይፐሩን አስተካከለችላቸው።

የባለቤታቸው እህት ቤት ፎቅ ላይ ነው። ዶክተሩ ደረጃውን ሲወጡ የስፌት መኪና ድምፅ ሰሙ። ድምፁን ያውቁታል፤ ያው የባለቤታቸው መኪና ነው። ድንቡሼ ስትወለድ ባለቤታቸው የስፌት ሱቃቸውን ዘግተው መኪናውን ለእህታቸው ሰጡ። ለምን ዘጋሽው ብለው መጠየቃቸውን ዶክተሩ አያስታውሱም።

በሩ ክፍት ነበር። ባለቤታቸው መቀስ ይዘው ጨርቅ ላይ እንዳጎነበሱ ቀና አሉ። ዶክተሩን አዩ፤ በወተት የደረቀውን ከረባት፣ የተንሻፈፈውን መነጽር፣ ትከሻቸው ላይ እንቅልፍ የጣላትን ልጅ። መሳቅ ጀመሩ። መቀሱን አስቀምጠው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"ተሰርዟል" አሉ ዶክተሩ በኩራትም በድካምም።

"ምኑ?"

"ነፃ የሚለው።"

"እና ልሸልምህ?"

"ደመወዝ ከሆነም የፈለግሽው..."

"ደመወዝ!" ሳቃቸው ቆመ። "አንተ ሰውዬ፣ እኔ ደመወዝ አልኩህ? እንደ ነፍሴ ነው የምወዳት። ግን ጠዋት ጠዋት እንደ ፖስታ በር ላይ ይጥሉልኛል፤ አንተ ጋዜጣህን ታነባለህ፤ ልጃችን 'መጣችልሽ' ብላ ትሮጣለች። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ፣ 'ትችያለሽ ወይ?' ያለኝ አለ? ብትጠይቁኝ እሺ ነበር የምለው።"

ዶክተሩ ከተቆለሉት ጨርቆች አጠገብ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ድንቡሼን ጭናቸው ላይ አመቻቹ፤ ስንትና ስንት ቤት ገብተው ስንቱን ሰው ሲጠይቁ ይህን ጥያቄ አንስተው አያውቁም።

"ነገ... ድንቡሼን ትይዥልናለሽ? ትችያለሽ ወይ?"

እህትየዋ የስፌት መኪናውን አቆሙ። የዶክተሩ ባለቤት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጣሪያውን አዩ። ጥያቄው እንዳያልቅባቸው የሚያጣጥሙት ይመስል አልቸኮሉም።

"ነገ እንኳ አልችልም" አሉ። "የምቆርጠው ጨርቅ አለኝ።"

"እንዴ! ብትጠይቁኝ እሺ ነበር የምለው አላልሽም?"

"ብዬ ነበር። አሁን ስትጠይቀኝ ግን እምቢ ማለትም እንዳለ ታወሰኝ። የከነገ ወዲያውን ደግሞ ከነገ ወዲያ ጠይቀኝ።"

እህትየዋ በመዳፋቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ዶክተሩ ባለቤታቸውን ትኩር ብለው አዩ፤ ቀልድ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ቢፈልጉ አላገኙም። ቀስ ብለው፣ ልጅቷን እንዳይቀሰቅሱ እየተጠነቀቁ፣ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡና ቢሮ ደወሉ።

"ነገ አልገባም" አሏት ጸሐፊያቸውን።

"ምነው ዶክተር፣ አሞዎት ነው? የእረፍት ፈቃድ ልሙላልዎት?"

ዶክተሩ ጭናቸው ላይ የተኛችውን ልጅ አዩ። አንድ እግር ጫማዋ የለም፤ የት እንደወደቀ ፈጣሪ ይወቅ።

"እረፍት ብለሽ እንዳትሞዪ" አሉ። "ሥራ ላይ ነው በይ።"