የማይዞር መዘውር

በዚያች የጃፓን የወደብ ከተማ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ማኅበር የላቸውም፤ ማኅበር ያላቸው የማያጠምዱት ናቸው። ስሙም «የጥንት መዘውር ወዳጆች» ይባላል። አባላቱ ነጭ ጓንት አጥልቀው ይሰበሰቡና አባቶቻቸው የማጥመጃ ክር ይጠቀልሉባቸው የነበሩትን መዘውሮች ከሐር ጨርቅ ፈትተው ያሸታሉ። ሕጋቸው አጭር ነው፤ የሚዞር መዘውር ተራ ዕቃ ነው፣ ቅርስ የሚባለው የደረቀው ብቻ ነው። በዓመታዊው ጉባኤ ያሸነፈው መዘውር የማኅበሩ መስታወት ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ ባለቤቱም ከሊቀመንበሩ አጠገብ ይቀመጣል።

ጡረታ የወጣው መምህር ኩራሃሺ ሴይጎ ያችን ወንበር ሲመኝ አርጅቷል። በዚህ ዓመት ግን የሚስቱ የፉሚኤ አባት የናስ መዘውር ከዕቃ ቤት ወጣ።

ምን ያደርጋል፣ ቀድማ ያገኘችው ፉሚኤ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ማድ ቤት ሲገባ ብሎኖቹ ሳህን ላይ ተደርድረዋል፤ ጥርሶቹ በነጭ ጋዝ ታጥበዋል፤ እንደ ሙጫ የደረቀው ግራሶ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ተፈግፍጎ ወጥቷል።

«ምን አደረግሽ አንቺ ሴት! የአርባ ዓመት ግራሶ!»

«ቆሻሻ ነዋ! ሞላውን ቀይሬ ዘይት ጠብ ሳደርግለት እንዴት እንደሚሮጥ ታያለህ። አባቴ ቺኑ የሚባለውን ኃይለኛ ዓሣ ከባሕር ጎትቶ የሚያወጣው በዚህ ነበር። ነገ ይዤው የወደቡ ግንብ ላይ ላጠምድ እወጣለሁ።»

«ነገ ጉባኤ ነው!»

«ለእናንተ ነዋ። ዓሣው አልተጠራም።»

ገጣጥማው ገበያ እንደወጣች ኩራሃሺ እጅጌውን ሰበሰበ። ናሱን ዓሣ በሚበሉበት ጥቁር ሶያ ሶስና በወፍራም ሻይ ለቅልቆ እሳት ዳር አደረቀው። የተረፈ ሩዝ ደፍጥጦ በእጀታው ሥር ጠቀጠቀ። እጀታው ድርቅ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ኮራጅ ተማሪ ሲያሳድድ የኖረ ሰው፣ ኩረጃ እንዲህ እንደሚጥም አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ጉባኤው ላይ ሊቀመንበሩ ዋሺዙ መዘውሩን አሸተተና ዓይኑን ጨፈነ።

«የባሕር ነፋስ!» አለ። «የግማሽ ምዕተ ዓመት የባሕር ነፋስ!»

«ይሸታል፣ ይሸታል» አሉ አባላቱ፣ ገና አፍንጫቸውን ሳያስጠጉ።

የሣጥኑ ቁልፍ ሲመጣ ፉሚኤ የማጥመጃ ዘንጓን ትከሻዋ ላይ፣ ባልዲዋን በእጇ አድርጋ ገባች።

«የአባቴን ዕቃ የት ልታደርሱት ነው?»

«እዚህ ይቆለፋል፣ እመቤቴ» አለ ዋሺዙ ኮራ ብሎ። «ለዘለዓለም።»

ፉሚኤ አልጮኸችም። ወደ ባሏ ዞረች። «ለአንዲት ወንበር ብለህ?»

ኩራሃሺ ፊቱ ቀላ። ተነሣ። «ነፋስ አይደለም። ሶያ ሶስ ነው። የቀባሁት እኔ ነኝ።»

ዋሺዙ በርኅራኄ ፈገግ አለ። «አቶ ኩራሃሺ፣ ትሕትናዎ ያስመሰግናል። ነፋስ ነው ብያለሁ።»

«ነፋስ ነው» አሉ አባላቱ።

«አጭበርብሬአችኋለሁ እኮ ነው የምላችሁ!»

«እጀታው ደርቋል። የደረቀ ነገር አያጭበረብርም» አለ ዋሺዙ።

ሊቀመንበር ከተሳሳተ ማኅበር የለም፤ ስለዚህ መሳሳት የነበረበት አጭበርባሪው ነው። ቁልፉ ወደ ሣጥኑ ሲጠጋ ኩራሃሺ ፊቱ የተቀመጠውን ትኩስ ሻይ አንሥቶ መዘውሩ ላይ ቸለሰበት። ሩዙ ላላ። እጀታውን ጨብጦ ጠመዘዘው፤ መዘውሩ አንዴ አቃሰተና ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ ተሽከረከረ፤ ፍርፋሪ ሩዝም የዋሺዙ ጓንት ላይ ተበተነ።

«ይዞራል!» ዋሺዙ እባብ እንዳየ ሰው ወደኋላ ዘለለ። «ይህን ዕቃ ከማኅበሩ አውጡልኝ! ሰውዬውንም ጭምር!»

ከሰዓት በኋላ ወንበር ያጣው ኩራሃሺ ግንቡ ላይ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፉሚኤ ሻይ የገባበትን መዘውር አድርቃ እንደገና ዘይት ጠብ አደረገችለት። እሱ የናሱን ልቅላቂ ሊወለውል መሐረብ አወጣ።

«ተወው» አለችው ክሩን እየወረወረች። «ዓሣው ከመጣ ሶያ ሶሱ ያስፈልገናል።»