ቁጥር አሥራ ሰባት

«ውሃ ድፋበት!» አለች ክሎቲልድ።

የወደብ ሠራተኛው ሳሚ ባልዲውን አንስቶ ኮንቴይነሩ ውስጥ በተደረደሩት ግንዶች ላይ ቸለሰው። ወረቀቱ «አዞቤ» ይላል፤ አዞቤ የድልድይ እንጨት ነው፣ ከዱዋላ ወደብ ማንም ይልከዋል። ውሃው አቧራውን ሲያጥበው ግን ቀዩ እንጨት ላይ ወይን ጠጅ ጅማት ብቅ አለ። ኤሲንጋንግ! በዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቀ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ እንኳን ግንዱ ፍልጡም ከአገር የማይወጣ ዛፍ።

«ይሄንን ያሳለፈው የትኛው ደፋር ነው?» ብላ ጮኸች። ተቆጣጣሪ ሁሉ የየራሱ የመንግሥት መዶሻ አለው፤ የፈቀደውን ግንድ ይመታበታል፣ ቁጥሩም እንጨቱ ላይ ይቀራል። ፊርማቸው ያ ነው።

ሳሚ ጎንበስ ብሎ የተመታውን ቁጥር አየ፤ ቀና ብሎ ደግሞ እሷን አየ።

«አፍህን ምን ያዘው?»

«ማዳም… አሥራ ሰባት ይላል። የእርስዎ አይደል እንዴ?»

ክው አለች። በጣቷ ዳበሰችው፤ አሥራ ሰባት ነው። ቀጣዩንም አየች፣ ያው ነው። የወደቡ የውጭ ንግድ ቁጥጥር ኃላፊ ሆና ስንቱን በዚህ ጥፋት አስከስሳለች! ግንዱ ላይ ቁጭ አለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት እናቷን ልትቀብር መንደር ስትሄድ መዶሻዋን ለሽማግሌው ተቆጣጣሪ ለፓፓ ኦንዶአ ትታለት ነበር። ሕጉ ይከለክላል፤ ግን ለቅሶ የሄደ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ለእሷ የተመደበው መኪና ሁሉ ተሰልፎ ይደር እንዴ? ደግሞም ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው።

ክሎቲልድ ስትገባ ሽማግሌው ቢሮው ውስጥ ዓሣውን ከአጥንት እየለየ ይበላል።

«ፓፓ፣ በመዶሻዬ ምን መቱበት?»

«በሩን ዝጊው እስቲ።»

«ኤሲንጋንግ ነው!»

«ዛሬ ይጫናል፣ ነገ ባሕር ላይ ነው። ማን ያየዋል?»

«የሚደርስበት ወደብ ቢከፍቱትስ? የአገራችንን እንጨት በሙሉ ነው የሚያግዱብን! ስንቱ መጋዝ ቤት ሠራተኛውን ሊበትን ነው?»

«ከተያዘም የሚያዘው አሥራ ሰባት ነው፤ የኔ ዘጠኝ ነው» አለ፣ ጣቱን እየላሰ።

«ልጄ እያሉኝ? እንዴት አስቻለዎት?»

«ልጄማ ነሽ። የእናትሽን አስከሬን መንደር ያደረሰው መኪና የማን መሰለሽ? ድንኳኑስ? የባለ እንጨቱ ነው። በሕዝብ ፊት ተነስተሽ አመስግነሽኝ የለም? አሁን ምን ልሁን ትያለሽ?»

ወይ ጉድ! እናቷ መቃብር አጠገብ ቆማ፣ እያለቀሰች፣ «እንደ ፓፓ ኦንዶአ ያለ ሰው አይጥፋ» ብላ ነበር። አፈረች፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ተቃጠለች። ሬሳ ሲያጓጉዙላት እንጨታቸውን ጎን ለጎን እያስመቱ ነበር ማለት ነው።

«ይልቅ ፈርመሽ አሳልፊው» አላት ለስለስ ብሎ። «ከእስር ቤት ይሻላል።»

ክሎቲልድ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ካለው ክምር አንድ የጥፋት ሪፖርት ቅጽ አንስታ ተቀመጠች። «ጥፋተኛ» ከሚለው ፊት ለፊት ሙሉ ስሟን ጻፈች፤ ከሥሩም «መዶሻዬን በሕግ የተከለከለ ሆኖ ሳለ ለሌላ ሰው አውሼያለሁ» ብላ ጨመረች።

ኦንዶአ መብላቱን ተወ። «አብደሻል? የኔንም ስም ልትጽፊው ነው?»

«እኔ የራሴን ጽፌያለሁ» አለችና ወረቀቱን ገፋ አድርጋ እስክሪብቶውን ዘረጋችለት። «የእርስዎን እርስዎ ይጻፉ፣ ፓፓ።»