የወደቀ ቀልብ ፍለጋ

ኮቶኔ ከትናንት ጀምራ ትንፍሽ አላለችም። እህልም አልቀመሰችም። ወፍ ሳይንጫጫ የምትንጫጫው የሰባት ዓመት ልጅ፣ የአሳማ ጎድን ያለበት የኑድል ሾርባ ፊቷ ቀርቦላት፣ አባቷን ብቻ ትክ ብላ ታያለች።

አባቷ ኤይሾ ግራ ገባው። ከኦሳካ ወደ ተወለደበት ወደ ኢሺጋኪ ደሴት ያመጣቸው ባሕርና ኤሊ አይተው፣ በልተው ጠጥተው እንዲመለሱ ነበር። ሚስቱ ሳናኤ ነርስ ናት፤ የልጅቷን ግንባር ዳሰሰች፣ ጉሮሮዋን አየች።

«ምንም የላትም» አለች።

«እንዴት አይኖራት! ቀልቧ ወድቋል» አሉ የኤይሾ እናት ሃጹ። «ልጅ ሲደነግጥ ቀልቡ እዚያው ጠብ ይላል። ሄዶ ማንሳት ነው።»

በደሴቲቱ በዚህ የሚከራከር የለም። ክርክሩ የት ወደቀ ላይ ነው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ ስለዋሉ ሁሉም የየራሱን ቦታ ያዘ።

«ጫካው ውስጥ ነው» አለች ሳናኤ። «ያ የኮኮናት ሸርጣን ከጉድጓዱ ሲወጣ! ሳፋ የሚያክል ነገር! እኔስ ብሆን መች ቀልብ ተረፈኝ?»

«የለም፣ የፍየል ሾርባ ከበላንበት በታች ነው» አሉ ሃጹ። «ንስሩ ከመብራት ምሰሶው ተወርውሮ መኪናው ፊት ሲያርፍ፣ ይሄ ፍሬኑን ረግጦ ሁላችንንም አላተመን።»

«እኔ?» አለ ኤይሾ።

«አንተ ነሃ! ማን ነበር የሚነዳው?»

ኤይሾ ንስሩ ትዝ አላለውም። የመኪናውን ቁልፍም ያስቀመጠበት ጠፋው። ሲያስስ ቆይቶ፣ ሳናኤ ከበረዶ ሳጥኑ ውስጥ፣ የባሕር ወይን ከሚሉት፣ ከሚበላው አረንጓዴ የባሕር አረም ሥር አወጣችው።

«ቁልፍ ነው የምታበላን ዛሬ?» ብላ ሳቀች። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ግን ለምን እዚያ እንደከተተው አላወቀም።

መንገድ ላይም ባሰበት። ባሕሩ በቀኝ መሆን ሲገባው በግራ ሆነ።

«አንተ ሰውዬ፣ የተወለድክበት አገር ነው የሚጠፋብህ?» አሉ እናቱ።

ጫካው ደረሱ። ሃጹ የኮቶኔን ሸሚዝ መሬት ላይ ዘረጉ፣ እፍኝ ሩዝ አኖሩ፣ ሦስት ጠጠር ለቅመው ጨመሩና ተጣሩ። «ኮቶኔ! ቀልብሽ ጫካ አይደር፤ ነይ ቤት እንሂድ!» ሸሚዙን አለበሷት። ልጅቷ ዝም። ንስሩ ካረፈበት ሄደው እንደዚያው አደረጉ። አሁንም ዝም። በጥቁር ስኳር የተጠበሰ ቦምቦሊኖ ገዝተው ቢሰጧት ምራቋን ዋጥ አደረገችና መለሰችው።

ኤይሾ ፈራ። ቤት ውስጥ «አንቺ ልጅ፣ ትንሽ ዝም በይ» እያለ ስንቴ እንደለመናት አስታወሰ። ዳግመኛ ባትናገርስ? የጠየቀችውን ሁሉ ይሰጣት ነበር፤ ግን የምትጠይቅበት አፍ የለም።

ይሄኔ ኮቶኔ እጇን ዘርግታ ኤሊዎቹ ወዳሉበት ዳርቻ የሚወስደውን መንገድ አሳየች።

«እዚያማ እየሳቀች ነው የወጣችው» አለ ኤይሾ ቶሎ ብሎ። ወደዚያ ዳርቻ ከልጅነቱ ወዲህ እግሩን አንስቶ አያውቅም ነበር፤ ትናንትም ኤሊ ካላየሁ ብላ ስላስጨነቀችው ነው የሄዱት።

«እኔ አልወርድም። ጉልበቴን» አሉ ሃጹ፣ ዳርቻው ሲደርሱ። ትናንትም ጉልበታቸውን ብለው መኪና ውስጥ ቀርተዋል።

ባሕሩ ሸሽቶ አሸዋው ላይ ኤሊዋ የተጎተተችበት ፈለግ ይታያል። ኮቶኔ ቀድማ ወርዳ ከትልቁ ድንጋይ አጠገብ ሦስት ጠጠር ለቀመችና ወደ አባቷ ዞረች።

«ሸሚዝህን አውልቅ።»

«ተናገረች!» ሳናኤ ጮኸች።

«የእኔ ቀልብ አልወደቀም። የአባዬ ነው የወደቀው» አለች ኮቶኔ። «ትናንት እማዬ ኤሊዋን ልታይ ርቃ ሳለች፣ እኔ ከድንጋዩ ኋላ ሩዜን ስበላ ያጣኝ መስሎት፣ ከነጫማው ባሕር ገብቶ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ቀልብ የለውም። ቁልፉን እንኳ በረዶ ውስጥ ከተተው።»

«ታዲያ ዝም ያልሽው ለምንድን ነው? በድንጋጤ ገድለሽን ነበር እኮ!» አለች እናቷ።

«አያቴ ቀልብ ለልጅ እንደሚፈለግ ነግራኛለች። ለትልቅ ሰው ማን ቀልብ ሊፈልግ ይሄዳል?»

ኮቶኔ ወደ አባቷ ጠጋ አለች።

«ደግሞ የእኔን ስም አይደለም የጠራው። ሚቺዮ፣ ሚቺዮ ነው ያለው። ሚቺዮ ማናት?»

ሳናኤ ባሏን አየችው። ያንን ስም ሰምታ አታውቅም። ኤይሾም ከአፉ እንደወጣ አያውቅም ነበር። ሚቺዮ ታናሽ እህቱ ነበረች። ጠብቃት ተብሎ፣ ልክ እንደ ዛሬው ያለ የኤሊ ፈለግ ሲከተል ጀርባውን ሰጣት፤ ሲዞር ባሕሩ ብቻ ነበር። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ከቀብሯ ወዲህ በእናቱ ቤት ስሟ ተነስቶ አያውቅም።

የመኪናው በር ተከፈተ። ዛሬ መስኮቱ ክፍት ነበርና ሃጹ ሁሉንም ሰምተዋል። ከዘራቸውን ትተው ቁልቁል በአሸዋው መጡ።

«አውልቅ ተብለሃል እኮ» አሉት።

አወለቀ። እናቱ ሸሚዙን ዘርግተው ሩዙንና የኮቶኔን ጠጠሮች አኖሩበት። ከመጣራታቸው በፊት ግን፣ ባሕሩን ሳይሆን እሱን እያዩ ተናገሩ።

«ያኔ በየቀኑ እዚህ እየመጣሁ እሷን ስጣራ ከረምኩ። አንተም እዚሁ እንደወደቅክ አላየሁም፤ ልጄ፣ ይቅር በለኝ።» ከዚያ እንደ ደንቡ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ኤይሾ! ኤይሾዬ! መሽቷል፣ ና ቤት እንሂድ!»

ገና ጠራራ ፀሐይ ነበር።

«መጣሁ፣ እማዬ» አለ ኤይሾ።