የታይቱም ልጅ ይባንናል

ሕፃኑ በእንቅልፉ ሁለት እጁን ወደ ላይ ወርውሮ ጮኸ። ማስተዋል ብድግ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈችውና እሹሩሩ አለችው። ወረታ ጤና ጣቢያ፣ ክትባት ለማስከተብ ወረፋ ይዘው ነበር።

"አየሽ?" አሉ አጠገቧ የተቀመጡት አማቷ፣ እማማ አምሳል። "አባቱን ሲመቱት እያየ ነው የሚባንነው።"

"ከመንደራችን ከቁሐር ሚካኤል ከተነሳን ጀምሮ እንዲሁ ነው፣ እማማ።"

"ደሙ እየጠራው ነዋ! ስሙን ቶሎ አውጭለት ብዬሻለሁ። ደመላሽ!"

የልጁ አባት ባየህ የሞተው በክረምቱ ነው። ጎረቤቱ አያልነህ የሩዝ ማሳውን ውኃ ወደ ራሱ ሲመልስ ደረሰበትና ተጣሉ፤ አያልነህ አናቱን በሽመል ብሎ ጣለው። ሕፃኑ ያኔ ገና በሆዷ ነበር። አያልነህ ታስሯል፤ ለማስተዋል ግን እስሩ ምኗም አይደለም። እስረኛ ይበላል፣ ይተኛል፣ ሚስቱ ስንቅ ታመላልስለታለች። ባየህን ግን አፈር በልቶታል። ስለዚህ ልጇ በባነነ ቁጥር አንጀቷ ይርሳል፤ እሰይ፣ ቂሙን ይዞ ነው የተወለደው ትላለች።

በዚህ መሀል የአያልነህ ሚስት ታይቱ ልጇን ታቅፋ ገባች። ስታያቸው ደንግጣ ቆመች፤ ከዚያ አንገቷን ደፍታ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች። የማስተዋል ደም ፈላ። ይቺ ደግሞ እንደ ሰው ልጅ ልታስከትብ መጣች! ጸጉሯን ይዛ መሬት ለመሬት ብትጎትታት ደስ ባላት።

ወዲያው በእቅፏ የተኛው የታይቱ ልጅ ሁለት እጁን ወደ ላይ ወርውሮ ጮኸ።

"የእሷስ ልጅ ምን አይቶ ነው?" አለች ማስተዋል፣ ሳታስበው።

እማማ አምሳል መልስ አላጡም። "የአባቱን ሥራ ነዋ! ደም ያለበት ቤት ማን ይተኛል?"

ማስተዋል ደስ አላት። ደስታዋ ግን አልቆየም፤ የታይቱ ልጅ ልቅሶ ከልጇ ልቅሶ ምንም አይለይም ነበር።

ተራዋ ደርሶ ስትገባ ነርሷ ፀደይ የልጁን ጭን ገለጠች።

"ሲስተር፣ እንዲህ ያለ ሕፃን ክፉ ሕልም ያያል?"

"የሚፈራውን መቼ ዐወቀና?" ሳቀች ፀደይ። "ሁሉም ይባንናሉ፣ እናቴ። ሲያድግ ይተወዋል። ሕልም ካለውም ከጡትሽ አያልፍም።"

ማስተዋል የያዘችውን እንደ ነጠቋት ሁሉ ተናደደች። ልጁ አባቱን አያውቅም ማለት ነው። ቂሙ የእሷ ብቻ ነበር። ካልነገሩት አያውቅም፤ ደመላሽ ካሉት ግን ስሙ በተጠራ ቁጥር ይነግረዋል። አንድ ቀን ሽመሉን ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ ወይ የታይቱ ልጅ ይወድቃል፣ ወይ የእሷ።

"ስሙን ማን ብዬ ልጻፍ?"

በሩ ክፍት ነበርና እማማ አምሳል ከውጭ ጮኹ፤ "ደመላሽ በያት!"

ታይቱ ሰማች። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ነጠላዋን ስባ ልጇን ሸፈነችው። ማስተዋል በበሩ አየቻትና ፍርሃቷ እንደ ማር ጣማት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ወደ ነርሷ ጆሮ ጎንበስ አለች። "አለኸኝ ብለሽ ጻፊው። ግን ጮክ ብለሽ እንዳትጠሪው።"

ስትወጣ አማቷ ብድግ አሉ። "ነገርሻት?"

"ነግሬያታለሁ፣ እማማ።"

ታይቱ መንገዷ ላይ ቆማ ነበር። "ማስተዋል፣ በማርያም... ስሙን እውነት ደመላሽ አላችሁት?"

ማስተዋል ዓይን ዓይኗን አየቻት።

"ሲያድግ ራሱ መጥቶ ይነግርሻል" አለቻትና ልጇን አቅፋ ወጣች።