አንዲት ጠብታ ለአንድ መዶሻ

«ለተከበራችሁ ወላጆች በሙሉ፤ የትምህርት ቤታችን ፒያኖ ሐሙስ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ዘይት የሚቀባ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን።» ማኅተሙ ሁለት ጊዜ ተመትቷል።

ማስታወቂያውን ማራኪ ሰፈር ባለው የግል ትምህርት ቤት በር ላይ የለጠፉት ርእሰ መምህሩ አቶ እንግዳው ናቸው። ለወላጆች «የሙዚቃ መምህርታችን ዓይናዲስ ስትጫወት ሰምቼ እንባዬ ነው የመጣው» ማለት ከጀመሩ ዓመት ሆኗቸዋል።

ዓይናዲስ ፒያኖ መጫወት አትችልም። ስትቀጠር «እችላለሁ» አለች፤ በሳምንቱ ቁልፎቹን እርጥበት ያዛቸውና «እስቲ አሳዪን» ከመባል ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ስለ ፒያኖ በስልኳ ያላነበበችው ነገር የለም።

ሐሙስ ወላጆች ከአዳራሹ መስኮት ውጭ ወንበር ተደርድሮላቸው ተቀመጡ። ዓይናዲስ መቀመጥ አልሆነላትም። ወደ በሩ ሄደች፤ ተመለሰች፤ ሰዓቷን አየች፤ እንደገና ሄደች።

ክንዱ፣ የቅዳሜ ገበያው የስፌት ማሽን ጠጋኝ፣ የፒያኖውን ፊት ነቅሎ አቆመ።

«ፒያኖ ሠርተህ ታውቃለህ?» አለችው።

«ስንቱን» አለ፤ ክሮቹን የሚመቱትን ትናንሽ መዶሻዎች ሰልፍ አፉን ከፍቶ እያየ።

አፈ ረጅሙን የዘይት ጣሳ አዘነበለ። ዝም ብትል ዘይቱ በመዶሻዎቹ ራስ ላይ ያለውን ሱፍ ያርሰዋል፤ ፒያኖው እስከ ወዲያኛው ዝም ይላል፤ እሷም ሥራዋ ላይ ትቆያለች። አቶ እንግዳው ግን በሩ ላይ ቆመው ያዩዋታል።

«ተው፣ አያ ክንዱ።»

«ምነው?»

«በጣሳ አይደለም። በቀጭን መርፌ ነው፤ መዶሻው በሚዞርባት ሽቦ ጫፍ፣ አንዲት ጠብታ። ሱፉን ከነካ አበቃ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ልፈትንሽ ብዬ ነው።»

«ባለሙያ ማለት ይህ ነው» አሉ አቶ እንግዳው ወደ መስኮቱ ዞረው። ከዚያ ከመድኃኒት ሳጥኑ ሲሪንጅ ሊያመጡ ሮጡ። እንዲህ ሲሮጡ ታይተው አያውቁም።

የክንዱ እጅ ሸጋ ነው፤ አልተንቀጠቀጠም። በእያንዳንዱ ጠብታ አንድ መዶሻ ይፈታል፤ ዓይናዲስ ጣት ያህል ወደ በሩ ትጠጋለች።

«እርጥበቱ ተመልሶ አይይዘውም?» አለች ስድሳኛው ላይ።

«አይዞሽ እቴ፣ አይመለስም።»

«ለክረምትም?»

«በጭራሽ።»

ሰማንያ ስምንተኛው ሲፈታ አቶ እንግዳው ወንበሩን ሳቡላት። «እንግዲህ ያቺን ያስለቀሰችኝን ዜማ ይጫወቱልን።»

«የቷ ነበረች?»

አቶ እንግዳው ክራባታቸውን አስተካከሉ። «ረጅሟ።»

ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

ክንዱ ቁልፎቹ ላይ የጣቱን አሻራ አየና ጨርቁን አወጣ። ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ጠረገ፤ ወደ ግራም መለሰው። ፒያኖው አንድ ድምፅ ሳያስቀር ጮኸ።

ከመስኮቱ ውጭ ጭብጨባ ተነሣ። አቶ እንግዳው መሐረባቸውን ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ ጨርቁን አዩ፤ መሐረቡ ጉንጫቸው ላይ ቀረ።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት እናት ብድግ ብላ እያጨበጨበች በመስኮቱ አንገቷን አስገባች። ጨርቁን አየች፤ ቀጥላ ጉልበቷ ላይ ያረፉትን የዓይናዲስን እጆች አየች። ተመልሳ ተቀመጠችና ለጎረቤቷ በጆሮዋ ነገረቻት። ጭብጨባው ከፊት ወደ ኋላ፣ ወንበር በወንበር፣ ቆመ።